ኃላፊነቱ የተጠቃሚው ብቻ አይደለም
«በማኅበራዊ ሚዲያ ራስን የመጠበቅ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የተጠቃሚው ነው» የሚለው፣ ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ ጸሐፊ ድምዳሜ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይዟል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አገልግሎት ሰጪዎቹም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሱ ያስገድዳልና። ይሁንና ከእኔ በፊት አስተያየት የጻፉት ወንድሜ «ተጠቃሚው ምን አቅም አለው?» ማለታቸው አላሳመነኝም። እዚህ ደሴ የማውቃቸው ሰዎች የቴሌግራም አካውንታቸውን የተነጠቁት፣ በስልካቸው የመጣውን የማረጋገጫ ኮድ «በስሕተት ወደ አንተ ተልኮብኝ ነው» ላላቸው ሰው አሳልፈው በመስጠታቸው ሲሆን፣ ነጣቂው ወዲያው በስማቸው ኮምቦልቻና ወልዲያ ካሉ ዘመዶቻቸው ብር መጠየቅ ጀምሯል (ወሎዬ ደግሞ ዘመድ ተቸገረ ሲባል ሳያጣራ ይልካል)። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከኮዱ ሌላ ራሳችን ያወጣነውን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ከቴሌግራም ቅንብር ገብቶ ማብራት ክፍያ የሌለው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ኮዱን ብቻ ያገኘ ሰው ተጨማሪውን የይለፍ ቃል ሳያውቅ መልእክቶቻችንን ማየት አይችልም።