ክብር ለባጃጅ ተሳፋሪው

ፒያሳ ተሳፍሮ ፒያሳ ለሚወርደው የደሴ ሰው ሐውልት ይገባዋል። ገና ወንበሩ ሳይሞቅ፣ ሒሳብ ሳይሰበሰብ፣ «ወራጅ አለ!» ይላል። ወርዶም «ኡፍፍ» ይላል። እንዴት አይደክመው? ታጥፎ መግባቱ ብቻ እኮ ቀላል ሥራ አይደለም።

በተለይ የማደንቀው ቱታ ለብሶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ጂም ለመሄድ ባጃጅ የሚጠብቀውን ነው። «ትንሽ ነው እኮ፣ ለምን በእግርህ አትሄድም?» ስትሉት በትዝብት ያያችኋል። ጉልበቱን እየቆጠበ ነው። ደርሶ የሚሮጥበት ማሽን አለ። ማሽኑ ደግሞ ቁልፉን ሲጫኑት ዳገት ይሆናል። ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጦ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዳገት በወር ክፍያ የሚገዛ ሰው ከየት ይገኛል? ከተማዋ በነፃ የሰጠችውን መናቅ የኩራት ምልክት ነው።

ባጃጁ መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም ደግሞ፣ ወደ ሰኞ ገበያ የሚሄዱ እናት ዶሯቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ያልፉታል። ተሳፋሪው አይደነግጥም። እሳቸው የሚሄዱት ወደ ገበያ ነው፤ እሱ የተቀመጠው ለክብሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይበቃዋል። በቀን ቢካፈል ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ሃያ ደቂቃ! እሱን ጊዜማ ባጃጅ ስንጠብቅ ቆመን እናጠፋዋለን። መቆም ያልተቆጠረልን እንግዲህ በምቀኝነት ይሆናል።

የፈረንጅ ሐኪሞች ጣጣ ብዙ ነው። ጄረሚ ሞሪስ የሚባለው ብሪታንያዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ስለ ለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት ሹፌሮች ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር። ይህን ለእኛ ታክሲ ረዳት ብትነግሩት ይስቅባችኋል። በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ የሚውለው አንድ ቀን ሹፌር ሆኖ ለመቀመጥ አይደል?

ሌላም ይላሉ። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፣ ግፊት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ይጥማል አሉ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከተስተካከለ ለቅሶ ቤት ምን እናወራለን? «የኔ ስኳር ዛሬ ስንት ገባ» ተባብለን የምንፎካከርበት ሌላ ምን ቀረን? ጭንቀትንም ያቀላል ይላሉ። ጭንቀትማ የራሱ ወግ አለው፤ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ተቀምጠው ይብሰለሰሉበታል እንጂ መንገድ ለመንገድ አይበትኑትም።

ደግሞ ማን ደፍሮ ይከሳል? ቦርጭ ያወጣ ሰው «ማሻአላህ፣ ተስማማህ!» ይባላል። ሸሚዙ እየጠበበ ሲሄድ ሰላምታው እየሰፋ ይመጣል። ትንሽ ተራምዶ ሁለት ኪሎ የቀነሰ ምስኪን ግን አበቃለት። «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ? ተመርመር እንጂ!» እያሉ ያስጨንቁታል። ጎረቤቶቹ ተራ በተራ መጥተው በዓይናቸው ይመዝኑታል። እናቱ ገንፎ ታገነፋለች። ገንፎው ላይ ያለው ቅቤ ደግሞ፣ መቼም የወሎ እናት እጅ ታውቁታላችሁ፣ የወሩን ጉዞ በአንድ ቁጭታ ይመልሰዋል።

የደሴን ሰው ብቻ አመስግኜ ኮምቦልቻን ብዘል ቅር ይላቸዋል። ደሴዎች ጠዋት የማይራመዱት ብርድ ስለሆነ ነው። ከሰዓት ደግሞ ዳገት ስለሆነ ነው። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ ሜዳው ተዘርግቶላት፣ ሙቀት አላት። ሁለቱም ያለ ሰበብ አልተፈጠሩም።

አንድ ወዳጄን «እሺ፣ መሐል ላይ ሐረጎ አለ፤ ብርዱም ሙቀቱም አይብስም፣ አየሩም ንጹሕ ነው፣ እዚያ ሄደህ ለምን አትራመድም?» አልኩት። ትንሽ አሰበ።

«ሐሳቡስ ጥሩ ነበር፤ ግን ኮንትራት ስንት ይጠይቁኛል?»