አራስ ቤት የገባች መኪና

አገር ቤት «ክረምት ገባ» ሲባል ሰው ጃንጥላ ይፈልጋል። ሚኒሶታ ላይ ክረምት ሲገባ የሚፈለገው ጋራዥ ነው። የእኛ ክረምት ከላይ ይወርዳል፣ የእነሱ ከአስፋልቱ ይነሳል። በረዶው ራሱ ብዙም ክፋት የለበትም፤ ጠላት እሱን ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ነው። አያቶቻችን አንድ አሞሌ ለማግኘት ግመል አሰልፈው አፋር በረሃ ይወርዱ ነበር። እዚህ የመንግሥት ገልባጭ አሞሌውን አድቅቆ በሌሊት መንገድ ለመንገድ ሲዘራው ያየ ሰው «ኧረ የሰው ገንዘብ!» ብሎ መጮህ ይዳዳዋል። ዋናው ጩኸት ግን የሚመጣው በዓመቱ ነው፣ መካኒኩ መኪናዋን ወደ ላይ አንስቶ ጨው ያመጣውን ዝገት ከሥር ሲያሳየው።

ቶዮታ ካምሪ ለዚህ ሁሉ ደንታ የላትም። ለሥራ ተወልዳ በሥራ ላይ ታልፋለች። ማስታንግ ወይም ኮርቬት የሚባል የስፖርት መኪና የገዛ ሐበሻ ግን አሥር ዓመት የሌሊት ተራ የሠራው ለእሷ ነውና ጨው አያስነካትም። በሰርግ አጀብ ፊት ፊት የምትሄደው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉን የምታሳምረው እሷ ናት። «ኮርቬት እንኳ አትዝግም» የሚል አዋቂ በየማኅበሩ አንድ አይጠፋም። እውነት አለው፤ ኮርቬት ከ1953 ጀምሮ አካሏ ፋይበርግላስና የእሱ ዘመድ እንጂ ቆርቆሮ ሆኖ አያውቅም። ግን የፍሬን ቱቦው፣ ብሎኑ፣ ዲስኩ ሁሉ ፋይበርግላስ አይደለም። ልብሱ ስላልተቀደደ አጥንቱ ደህና ነው እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ገና ጨው ሳይበተን፣ መኪናዋ አራስ ቤት ትገባለች። ከአራስ የምትለየው በቀኑ ብዛት ብቻ ነው። ለሴት ልጅ 80 ቀን ነው፣ እሷ እስከ ሚያዝያ ድረስ 150 ቀን ትተኛለች። ብርድ አይንካት፣ ጭስ አይድረስባት፣ ብዙ ሰው አይግባባት። የመጨረሻውን ለማስከበር ግን ሐበሻ መሆን ከባድ ነው።

መጀመሪያ ገላዋ ይታጠባል። ከላይ ማሳመር ቀላል ነው፤ ዋናው ከሥርና ከጎማው ጉያ ውስጥ ያለው ጭቃ ነው፣ እርጥበት አቅፎ የሚከርመው እሱ ነውና። ታጥባ ወዲያው አትተኛም። ፍሬኗ እስኪደርቅ አሥር ደቂቃ ትነዳለች፣ ከዚያ ሰም ትቀባለች። ወንበር ሥር ያለችውን ቆሎ አንድ በአንድ መልቀም ግድ ነው። ቆሎዋን ያልለቀመ ሰው ለአይጥ ድግስ ጠርቷል።

ሞተር ዘይት የሚቀየረው ከመተኛቷ በፊት ነው። ብዙ ሰው «ዝም ብላ ለምትቆም ምን አዲስ ዘይት ያስፈልጋታል፣ ስትወጣ እቀይራለሁ» ይላል። የሠራ ዘይት ግን ውስጡ አሲድና ውሃ አለው። አምስት ወር ሙሉ ሞተሩን በዚያ ዘፍዝፎ ማስተኛት የቆሸሸ ልብስ ለብሶ እንደ መታመም ነው።

ቤንዚኑ ሙሉ ሊባል ትንሽ እስኪቀረው ይሞላል። ባዶ የቀረው ቦታ አየር ይይዛል፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በብርድ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ውሃ ይወዳል። ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ማቆያ መድኃኒት በተለመደው ልክ ለ2.5 ጋሎን 1 አውንስ ነው፤ የየጠርሙሱ ልክ ስለሚለያይ ጀርባውን ማንበብ ነው። 16 ጋሎን ለምትይዝ ማስታንግ ወደ 190 ሚሊ ሊትር ይመጣል፣ ሦስት የቡና ስኒ ያህል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ማስታወስ ይቻላል። ጨምሮ መክደን ግን አይበቃም። መድኃኒቱ እስከ ሞተሩ እንዲደርስ አሥር ደቂቃ መንዳት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ታንከሩ ታክሞ ቧንቧው ታሞ ይከርማል።

የራዲያተሩ ፈሳሽ ውሃና አንቲፍሪዝ እኩል ለእኩል ከሆነ እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ይችላል። በጋ ላይ ጎደለ ብሎ ከቧንቧ ውሃ ሲሞላ የከረመ ሰው ግን መለካት አለበት። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ብረት ደግሞ «ትንሽ ጠጋ በሉ» ቢሉት አይሰማም።

የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ይጠነክራል። ብርዱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲደርስ አንዳንዱ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። የጎማው ነፋስ ከተለመደው 5 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ይላል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው መብለጥ ግን የለበትም። በብርድ ነፋሱ ይቀንሳል፣ ጎማውም ተኝቶ የከረመበት በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። ሲሚንቶውም ያልባል፤ ከሥር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል።

የእጅ ፍሬን፣ የአገር ቤት ሾፌር ፍሬናማኖ የሚለው፣ አይያዝም። ሸራው ዲስኩ ላይ ተጣብቆ ይከርምና በሚያዝያ አልላቀቅም ይላል። ማርሽ ውስጥ ማስገባት፣ አውቶማቲክ ከሆነች ፓርክ ላይ ማድረግ፣ ጎማው ሥር ታኮ ማስገባት ይበቃል። ቁልቁለት ላይ ድንጋይ አስደግፎ ላደገ ሰው ይህ ትምህርት አይደለም፣ ናፍቆት ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። እዚህ ላይ የቤቱ ኑሮ ይገባበታል።

የዘመኑ መኪና ተኝታም አትተኛም። ማንቂያው፣ ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ በጨለማ ኤሌክትሪክ ይልሳሉ። 50 ሚሊአምፔር ብትልስ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ነው፤ 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ50 ቀን ባዶውን ይቀራል፣ ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ሙሉ ባትሪ በሚኒሶታ ብርድ አይረጋም። የሞተ ባትሪ ግን 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይደርስ ረግቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባትሪውን ሞልቶ እንደሞላ የሚያቆይ ትንሽ ቻርጀር፣ ለባትሪው ዓይነት የተስማማ፣ ግድግዳ ላይ ይሰካል። አረንጓዴ መብራቱ ከበራ ሰላም ነው።

ችግሩ ያ ግድግዳ የማን ነው የሚለው ነው። ስደት ላይ ጋራዥ የመኪና ብቻ ሆኖ አያውቅም፣ ሁለተኛ ማድቤት ነው። ለገና ዶሮ የሚቁላላው ሽንኩርት ቤት ውስጥ ከተቁላላ ኮቱ ሁሉ ሥራ ቦታ ሄዶ ይናገራል፤ ስለዚህ ድስቱ ጋራዥ ይወጣል። (ከሰልና ጋዝ በተዘጋ ጋራዥ፣ ቤንዚን ከሞላ ታንከር አጠገብ፣ ፈጽሞ አይሆንም። ይህ ቀልድ አይደለም።) ምጣዱም ይወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1500 ዋት ያህል ይበላል፣ በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ማለት ነው። ጋጋሪዋን እንዳይበርዳት ሌላ 1500 ዋት ሂተር ይሰካል። 25 አምፔር። መስመሩ የሚችለው 15 ወይም 20 ነው። ቀጭ! ብሬከሩ ይወርዳል። ሊጡ ይጠብቃልና የምጣዱ ገመድ በኤክስቴንሽን ከሳሎን ይመጣል፣ እንጀራው ይቀጥላል፣ ሁሉም «ተመስገን» ይላል። ጥግ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታለች። ያየ የለም። ጃንዋሪ 6 ማታ የጠፋች መብራት የምትታወቀው በሚያዝያ ነው፣ ቁልፉ ሲዞር ትክ፣ ትክ፣ ትክ ብሎ ዝም ሲል። ለቻርጀሩ የራሱን መስመር መስጠት፣ ካልሆነም ባትሪውን ፈትቶ ቤት ማስገባት የጋብቻንም ሰላም ይጠብቃል።

ከዚያ ይለበሳል። ላስቲክ ሸራ እርጥበት አፍኖ ይይዛል። የሚያስተነፍስ፣ ለመኪና የተሠራ ልብስ ነው የሚያስፈልጋት። የእናት ጋቢ ከፍቅር የተነሳ የሚያለብሷት አሉ፤ ጋቢ ግን እርጥበት ይጠጣል፣ ክሩ ውስጥ የገባ አቧራም ቀለም ይፍቃል። ጋቢው ለባለቤቱ ይሁን። ጣሪያዋ ጨርቅ ከሆነ ተዘግቶ ይክረም፣ ታጥፎ የከረመ ጨርቅ ሲዘረጉት አልደርስም ይላል።

አይጥን በተመለከተ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አፍና የአየር ማስገቢያው ላይ ድስት የሚፈገፈግበት፣ የማይዝግ ሽቦ ይወተፋል፤ መወተፉን የሚያስታውስ ወረቀትም መሪው ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱን የዘለለ ሰው በጸደይ ሞተሩ ለምን እንደታፈነ መካኒክ ከፍሎ ይጠይቃል። ሆንዳ አይጥ ሽቦ እንዳይበላ በካፕሳይሲን የታከመ ፕላስተር ይሸጣል። ካፕሳይሲን የበርበሬ ማቃጠያው ነው። ይህን የሰማ ሐበሻ ደረቱን ነፍቶ «እኛ ጋ በኩንታል አለ!» ይላል። በርበሬውን ኮፈን ሥር መነስነስ ግን አያዋጣም። ዱቄቱ እርጥበት ይይዛል፣ ማራገቢያው ይስበዋል፣ በፋሲካ ማግስት ሂተር ሲከፈት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ያነባል። ግድግዳ ሥር ወጥመድ ይበቃል።

ኢንሹራንስ ላይ የግጭቱን ክፍል ለጊዜው አንስቶ የስርቆትና የእሳቱን ማቆየት ይቻላል። በብድር የተገዛች ከሆነች ባንኩን ሳይጠይቁ መነካካት አይገባም። ጨርሶ መሰረዝ ግን የሚቆጭ ቁጠባ ነው።

እስከዚህ ሁሉም ነገር በገንዘብና በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። የማያልቀው እንግዳው ነው።

የገና ዶሮ ተበልቶ፣ ጠላው ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ፣ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። «እስቲ ያቺን ልጅ እንያት።» ሁሉም ይከተላል። ልብሷ ይገለጣል፣ አቧራው ቀለሙን እያከከ። አንዱ ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ ለምን እንደሚመታ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም። ከዚያ የተፈራው ይመጣል።

«አንዴ አስነሳትና ድምጿን እንስማ።»

«ጋሼ፣ በክረምት አትነሳም።»

«እንዴት አትነሳም? መኪና ካልተነሳ ይሞታል እኮ! ለአምስት ደቂቃ ነው።»

እነዚያ አምስት ደቂቃዎች ከአምስቱ ወር ይብሳሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወልዳል። በረጅም መንገድ ላይ ማርሚታው ስለሚግል ውሃው ተንኖ ይወጣል፤ በአምስት ደቂቃ ግን ማርሚታው ሳይሞቅ ውሃው እዚያው ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላል። ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ወደ አዲሱ ዘይት ይንጠባጠባል። ባትሪው ለማስነሳት ያወጣው በአምስት ደቂቃ አይመለስለትም። በር ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው፤ ከጋራዡ ወደ ሳሎን የሚወስደው በር እንግዳ ስለሚመላለስበት ክፍት ነው፣ ልጆቹም እዚያ ናቸው። ካስነሱ ከቤት አውጥቶ ግማሽ ሰዓት መንዳት ነው፣ ውጭ ደግሞ ጨው አለ። ስለዚህ መተው። ዝም አይነቅዝም የተባለው ለሰው ቢሆንም ለሞተርም ይሠራል፣ ቤንዚኑ ከታከመና ባትሪው ከተሰካ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። «አልወድም» ከማለት «ቁልፉ ሥራ ቦታ ነው» ማለት ይቀላል። በየገናው ስንት ቁልፍ ሥራ ቦታ እንደሚረሳ አሠሪዎች ቢያውቁ ይገረሙ ነበር።

ሚያዝያ ሲመጣ በረዶው ቢቀልጥም ጨው መንገዱ ላይ ስላለ አይቸኮልም። ሁለት ሦስት ጥሩ ዝናብ አስፋልቱን ማጠብ አለበት። ዝናብ ሸሽቶ ከአገር የወጣ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ዝናብ የሚለምነው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ወረቀቱ ከመሪው ይነሳል፣ ሽቦው ከማርሚታውና ከአየር ማስገቢያው ይወጣል፣ የጎማው ነፋስ ወደ ልኩ ይወርዳል፣ ኮፈኑ ተከፍቶ የአይጥ ጎጆ ይፈተሻል፣ ዘይቱ ይለካል። በሩ ተከፍቶ ትነሳለች። ዲስኩ ላይ ያለው ቀይ ዝገት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ይፋቃል። ጎማው መጀመሪያ ላይ ቢያንቀጠቅጥ ሲሞቅ ይክባል።

ቀበሌውን አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ ሽማግሌው በር ላይ ቆመዋል።

«ወጣች አይደል? እንኳን ማርያም ማረቻት! ነገ እህቴ ከአዲስ አበባ ትገባለች፣ ኤርፖርት ድረስ ትወስደኛለህ። ከልጇ ጋር ናት፣ ሻንጣውም ከአራት አይበልጥም።»

የኮርቬት ወንበር ሁለት ነው።