ጫማው ተገዝቷል

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የአንድ ወዳጄ እግር ተቀበለኝ። አዲስ የሩጫ ጫማ፤ ማሰሪያው እንኳ ገና አልተፈታም። ከሥሩ «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ 5 ኪሎ ሜትር!» ይላል። እስከ ቁርስ 43 ሰው እንኳን ደስ አለህ ብሎታል። በምኑ? ጫማ በመግዛቱ!

ይሄ ሦስተኛ ጫማው ነው። ሁለተኛውን አበባ ውሃ ሲያጠጣ ያደርገዋል።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ነገር በሕግ ተማሪዎች ላይ አይተውታል። «ጠንክሬ አጠናለሁ» ማለታቸውን ሌላ ሰው ያወቀላቸው ተማሪዎች፣ ካልታወቀላቸው ቀድመው ከተሰጣቸው የሕግ ሥራ ተነሱ። መታወቁ ብቻ ሆዳቸውን ሞላው።

ለወዳጄ ለብቻው ይህንኑ ጻፍኩለት። «21 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ልማድ ይሆናል» አለኝ። ይቺ 21 ቀን! ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1960 ያመጣብን። ታካሚዎቼ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ ወደ 21 ቀን ይፈጅባቸዋል አለ። «ቢያንስ» መንገድ ላይ ቀረች፤ አፍንጫውም እግር ሆነ። ልማድ ለመሆን ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያጠኑት ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት መካከለኛ ግምት 66 ቀን ነው። ፈጣኑ 18፣ ቀርፋፋው 254።

21 ቀን የሚበቃት ዶሮ ናት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት እንዴት እንደምወደው! ግን ቅር ይለኛል፤ ምስጋናው ሁሉ ለእንቁላሉ ነው። እንቁላሉ ምን ሠራ? ተጋደመ። በቀን ደጋግማ እያገላበጠች የታቀፈችው እሷ! ስትጥል ጎረቤት ታናውጣለች፤ ልትታቀፍ ስትቀመጥ ግን ጭጭ። ያኔ እጁን የሚሰድ ሰው በመንቁሯ ይቀምሳታል። እንኳን ደስ አለሽ ባይ አትፈልግም።

ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የቆየ ቂም አለብኝ። አንድ አሠልጣኝ «ዓይናችሁን ጨፍኑና ግባችሁ ላይ ደርሳችሁ ራሳችሁን እዩ» አለን። ጨፈንኩ። ደረስኩ። ደስ ሲል! ስነቃ ሥልጠናው አልቋል፤ የአሥር ዓመት ዕቅዴን የጻፍኩበት እስክሪብቶም የለም። ለዚህ ደግሞ ከፍለናል! እንቅልፍ በነጻ የሚያሳየውን ሕልም በገንዘብ ይሸጥልናል። እስክሪብቶውን እንኳ ቢመልስ።

ኧረ ጫማው! ማምሻውን ጠየቅኩት። «ጠበበኝ፤ ልቀይረው ነው» አለ። እንኳን ደስ አለህ ባዮቹ 61 ደርሰዋል። 61ኛው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ መጽሐፍ ልጽፍ ነው ያልኩ ቀን እሱም አጨብጭቦልኛላ።