ሦስተኛው ሄደር!

በቃኝ! ዛሬ ደግሞ ሦስተኛው ሄደር፣ ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ የሚያወጣው የቱቦ ስብስብ፣ ብየዳው ላይ ተሰነጠቀ። አራት ወር እንኳ አልሞላውም!

መኪናዬ ላንድክሩዘር ናት፤ ዋን ኤች ዜድ የሚባል ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የላትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ድሮም ይደክማል። ጭሱ ቶሎ ይውጣለት ብዬ ነው ሄደር ያስገጠምኩት። ይሄ ቅንጦት ነው?

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገባሁ። «ወንድሜ፣ 304 ስቴንለስ ነው» አለኝ አንዱ ሻጭ፤ የማይዝግ ብረት ነው ማለቱ ነው። ማግኔት አስጠጋሁበት፤ ጥብቅ! 304ን ማግኔት እንዲህ ይይዘዋል እንዴ? ሌላው ሱቅ የቤንዚን ሞተር ሄደር አምጥቶ «ትንሽ ተሞርዶ ይገባል» አለ። ቀዳዳው ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ፣ ጋር አይገጥምም እኮ! በየት በኩል ነው የሚገባው?

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ፍላንጁ፣ የሄደሩ ማሰሪያ ጠፍጣፋ ብረት፣ ነው። ቴስታታው ላይ የሚታሰረው እሱ፣ ሁሉን የሚሸከመው እሱ። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ምን ነበረበት? የሸጡልኝ እንደ ቆርቆሮ የሳሳ ነው። ሲግል ይጣመማል፣ መሃል ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ጭሱ በጎን ይወጣል። እንጦጦን ስወጣ ፉጨቱ ከሞተሩ ድምፅ ይበልጣል። ጓርኒሲዮን ቀይር፣ ብሎን ቀይር፣ ለመካኒክ ክፈል፣ እንደገና አስፈታ። ታዲያ ርካሽነቱ የቱ ጋ ነው?

መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ስንት ዓመት ኮረኮንች ችሎ ኖረ! ሰው አቅሙ የሚችለውን ዕቃ ስለፈለገ ይታለል? የብረቱን ዓይነት ንገሩኝ። ውፍረቱን ንገሩኝ። ለየትኛው ሞተር እንደተሠራ ንገሩኝ። ሌላ ምን ጠየቅኩ?