አቋም ማለት መቆም ነው

"አቋም" የሚለው ቃል የሚወጣው ከ"ቆመ" ነው። ይህ ነገር ከአሜሪካ ኮንግረስ በላይ የገባው ሕግ አውጪ ያለ አይመስለኝም። እኛ ተራ ሰዎች አቋም ሲባል ውሳኔ፣ ሲብስም ዋጋ መክፈል ይመስለናል። እነሱ ግን ቃሉን ከሥሩ ነው የያዙት። "ከዩክሬን ጎን ቆመናል" ካሉ፣ በቃ፣ ብድግ ይላሉ።

ዲሴምበር 21 ቀን 2022 ያየ ምስክር ነው። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዜሌንስኪ ያንን የወታደር አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ ወደ ኮንግረሱ አዳራሽ ገባ። ሁሉም ብድግ። አንድ ነገር ተናገረ፣ ብድግ። ተቀመጡ፣ ደግሞ ብድግ። ይህ ለጎረምሳም ከባድ ስፖርት ነው። እዚያ ቤት ደግሞ ሰማንያን የተሻገሩ አሉ፤ ጉልበታቸው ይባረክ። ከዚያ ባንዲራ አወጣ። ከአንድ ቀን በፊት በምሥራቅ ዩክሬኗ ከተማ በባክሙት ግንባር ያሉ ወታደሮች ፈርመውበት የሰጡት ነው። የያኔዋ አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲና የያኔዋ ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ ከኋላው ሆነው በሁለት በኩል ይዘው ዘረጉት። ካሜራው ጠገበ።

ባክሙት በቀጣዩ ዓመት ሜይ ላይ በሩሲያ እጅ ገባች። ባንዲራው ቀድሞ በመውጣቱ ተርፏል።

ሐሜተኛ እንዳልባል፣ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡም ወጥቷል። ሜይ 2022 ላይ ብቻ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ጸድቋል። ግን ገንዘብ መስጠትማ ያለው ሁሉ ይሰጣል። ጥበቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚያው ሰሞን ለዩክሬን መሣሪያ ማበደርና ማከራየት የሚያስችል ልዩ ሕግ ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ የወጣውን ዝነኛ ሕግ የሚያስታውስ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት 417 ለ10 አጸደቀው። ምን ዓይነት አንድነት ነው! ጊዜው አልፎ እስኪያበቃ ድረስ አንድ ጥይት አልተላከበትም። እውነት ለመናገር ያልተጠቀመበት ዋይት ሐውስ ነው፤ ሌላ መንገድ ይሻለኛል ብሎ። ቢሆንም፣ ሳይነካ የቀረ ሕግ የመሰለ ንጹሕ ድጋፍ ከየት ይገኛል?

ወደ ዋናው ትርኢት ልግባ። ኦክቶበር 3 ቀን 2023 ምክር ቤቱ የራሱን አፈ ጉባኤ ኬቨን ማካርቲን 216 ለ210 አባረረ። ጉባኤው አፍ አጣ። ሦስት ሳምንት ያህል ያለ አፍ ከረመ። የያኔው ፕሬዚዳንት ባይደን የዩክሬን 61 ቢሊዮን ዶላር ያለበትን ትልቅ ጥያቄ የላኩት ልክ በዚህ መሐል፣ ኦክቶበር 20 ነው። አፍ የሌለውን "እሺ በል" ማለት ግፍ ነው። ኦክቶበር 25 ማይክ ጆንሰን አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ። አሁን አፍ ተገኘ። እጁ ነበር የቀረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። "አንሰጥም፣ ገንዘባችን ነው" ብለው ፊት ለፊት ለሚናገሩት ምስጋና የለኝም። ልክ ይሁኑም ይሳሳቱ፣ የት እንዳሉ ይታወቃል። ጥበብ የላቸውም። አድናቆቴ በሙሉ ለ"አዎ፣ ግን" ባዮቹ ነው።

ግን ምን? ግን ድንበር። ከዩክሬን በፊት የሜክሲኮ ድንበራችን ይጠበቅ አሉ። እሺ ተባለ። አንድ ሪፐብሊካን፣ አንዲት ገለልተኛ፣ አንድ ዴሞክራት፣ ሦስት ሴናተሮች ለወራት ተቀምጠው 370 ገጽ ጻፉ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024፣ እሑድ፣ ይፋ ሆነ። ያኔ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ትራምፕ "ተዉት" አሉ። ረቡዕ ሴኔቱ ውስጥ 49 ለ50 ሆኖ ቀረ። እኔ የሞባይል አፕ ውል እንኳ ሳላነብ ነው "ተስማምቻለሁ" የምለው። እነሱ 370 ገጽ በሦስት ቀን መርምረው ጣሉ።

ታዲያ ሴኔቱ ድንበሩን አውጥቶ ለዩክሬን፣ ለእስራኤልና ለታይዋን የሚሆነውን 95 ቢሊዮን ዶላር ለብቻው 70 ለ29 ሲያጸድቀው ጆንሰን ምን አሉ? ድንበሩስ የታለ! ሲሰጡት የሚገፋ፣ ሲያነሱበት የሚያለቅስ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ስልት ያውቀዋል። ልጁን ግን አፈ ጉባኤ አያደርጉትም።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ እረፍት ይገባል። ፌብሩዋሪ 15፣ ሐሙስ፣ የተወካዮች ምክር ቤት ለሁለት ሳምንት ያህል ተበተነ። ቅዳሜ የዩክሬን ጦር የምሥራቋን ከተማ አቭዲቭካን ለሩሲያ ለቅቆ ወጣ። እዚያ የነበረው መድፈኛ ጥይቱን እየቆጠረ ነበር የሚተኩሰው። ዋይት ሐውስም ወቀሳውን ኮንግረስ ላይ ጣለ። ሰውን እረፍት ላይ እያለ መውቀስ ግን ነውር ነው።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይባል የለ? በ1941 የነበሩት አባቶቻቸው ይህን አያውቁም ነበር። ያ ለእንግሊዝ የወጣው የማበደርና የማከራየት ሕግ ጃንዋሪ 10 ቀርቦ ማርች 11 ተፈረመ። ሁለት ወር! አገራቸው ገና ጦርነቱ ውስጥ እንኳ አልገባችም። ምን አስቸኮላቸው? የዛሬዎቹ ለአንድ ጥያቄ ስድስት ወር ወሰዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። መቼም አቭዲቭካ ጫጩቱን አላየችውም።

በመጨረሻ ኤፕሪል 20 ቀን 2024፣ ቅዳሜ፣ ድምፅ ተሰጠ። 311 ለ112። ወደ 61 ቢሊዮን ዶላር። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚል ምቀኛ አይጠፋም። ተሳስቷል። ጅቡ የትም አልሄደም፣ እዚያው ነው።

አዳራሹ በደስታ ተናወጠ። አባላት ትንንሽ የዩክሬን ባንዲራ እያወጡ ማውለብለብ ጀመሩ። የመድረኩ መሪ መዶሻቸውን አነሱ። ባንዲራ ማውለብለብ የምክር ቤቱን ሥርዓት ይጥሳል፣ አስገቡ! በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ እንዲህ ፈጥኖ የተወሰደ እርምጃ አላስታውስም። ያንን ሁለት ሰው ይዞ የዘረጋውን የባክሙት ባንዲራ ግን ማንም "አስገቡ" አላለውም። ያኔ ሥርዓቱም ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ ነበር መሰል።

ከተቃወሙት አባላት አንዱ የባንዲራውን ትርኢት በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ቪዲዮውን ካላጠፋ 500 ዶላር እንደሚቀጣ ተነገረኝ አለ። ጆንሰን ገብተውበት ቅጣቱ ቀረ። ለስድስት ወሩ ስንት እንደሚያስቀጣ ደንቡ ላይ አልተጻፈም።