ቡናው የእኛ፣ ባክቴሪያው የቴክሳስ

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ ስለ ምርምር ቅድሚያዎች በተካሄደ ውይይት ላይ ወጣት ተመራማሪዎች አንድ አነስተኛ የበጀት ጥያቄ አቀረቡ። ዕቅዳቸው ከቡና ማሳና ከደን አፈር ባክቴሪያ ሰብስበው፣ በላቦራቶሪ ውስጥ ትውልድ በትውልድ እየመረጡ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ወደ ወንዝ የሚለቁትን ፍሳሽ እንዲበላ ማላመድ ነበር። መድረኩን የመሩት የሥራ ኃላፊ በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘጉት፤ ባክቴሪያ መቀየር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ ደግሞስ አምልጦ ቡናችንን ቢጨርስ ማን ሊጠየቅ ነው? አዳራሹ አጨበጨበ። ጥያቄው ከዕቅድ ወጣ። ውሳኔው አናዶኛል፤ ጭብጨባው ግን የበለጠ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ካጨበጨቡት መካከል የተማሩ፣ ሊያውቁ የሚገባቸው ሰዎች ነበሩበት።

ጭብጨባ ያገኘው «ያመልጣል» የሚለው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ቡናችንን ሊጨርስ የደረሰው ተሕዋሲ ከየትኛውም ላቦራቶሪ አምልጦ የመጣ አልነበረም። ባለሙያዎች በአጭሩ ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ በ1922 ኬንያ ውስጥ ታየ፤ በ1971 እኛ ዘንድ ደረሰ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ፈንገስ ነው። ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ከነቅርንጫፉ ላይ እያጠቆረ ያደርቀዋል። ማንም ሳይንቲስት አልሠራውም። እንሰት የሚያጠወልገው ባክቴሪያም እንዲሁ የተፈጥሮ ነው፤ የከፋና የጅማ የእንሰት ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። እስካሁን ጓሯችን ድረስ ገብቶ ያከሰረን ሁሉ ፈቃድ ያልጠየቀው የዱር ተሕዋሲ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ያለውስ? ኢ-ኮላይ ከተባለው የአንጀት ባክቴሪያ፣ ዓለም በብዛት የሚሠራበት ኬ-12 የሚባለው ዝርያ በዚያው በ1922 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ ታማሚ የተወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ ትውልዱ ሁሉ የኖረው በተዘጋጀ ምግብና በተመጠነ ሙቀት ውስጥ ስለሆነ በሰው አንጀት ውስጥ እንኳ መደላደል ያቅተዋል። ይህ ድክመት ብቻውን አይበቃም ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ልጓም አበጁለት። በ2015 የሃርቫርድና የዬል ቡድኖች፣ በተፈጥሮ የማይገኝ ሰው ሠራሽ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ካልተሰጠው የሚሞት ኢ-ኮላይ ሠርተው አሳዩ። አዌቱ ወንዝ ውስጥ ያ አሚኖ አሲድ የለም። ጊቤም ውስጥ የለም።

እንግሊዝ ካምብሪጅ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ከዚህም ርቀው ሄደዋል። ሕይወት ያለው ነገር ዲኤንኤውን የሚያነበው በሦስት በሦስት ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ፊደል ኮዶን ይባላል፤ በዚህ ስሌት 64 ኮዶኖች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ይደግማሉ። ጄሰን ቺን የመሩት ቡድን በ2019 አራት ሚሊዮን ፊደል የያዘውን የኢ-ኮላይ ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር እንደ አዲስ ጽፎ ኮዶኖቹን ወደ 61 አወረደ። በ2025 ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ቦታ ላይ ለውጥ የተደረገበት፣ በ57 ኮዶን ብቻ የሚኖር ባክቴሪያ ይፋ ሆነ። ባለ 61 ኮዶኑ ዝርያ በ2021 ተጨማሪ ማስተካከያ ሲደረግለት የተሞከሩበት ቫይረሶች ሊራቡበት አልቻሉም፤ የእነርሱን መመሪያ የሚያነብበት መሣሪያ ተወስዶበታልና። የሰው ልጅ የአንድን ባክቴሪያ ፊደላት በሙሉ አንድ በአንድ በሚቆጣጠርበት ዘመን «አምልጦ ቡናችንን ቢጨርስስ» ብሎ መድረክ መዝጋት ጥንቃቄ አይባልም። የትኛው ባክቴሪያ? በየትኛው ዘረ መል? በምን መንገድ? ያልተጠየቀ ጥያቄ ስለሆነ ነው መልስ ያልተገኘለት።

ደግሞም ወጣቶቹ ይህን ሁሉ አልጠየቁም! ባዕድ ዘረ መል እናስገባ ያለ አልነበረም። ከአፈራችን የተገኘውን ባክቴሪያ እዚሁ ማላመድ ነው የጠየቁት።

በዚህ ዘርፍ አደጋ የለም አልልም። በታኅሣሥ 2024 ሠላሳ ስምንት ሳይንቲስቶች በአንድነት ወጥተው፣ ሞለኪውሎቹ በሙሉ እንደ መስታወት ምስል የተገለበጡ ባክቴሪያ እንዳይሠራ አስጠንቅቀዋል፤ የሰውም የእንስሳም የተክልም የበሽታ መከላከያ ላያውቀው ይችላል ብለው። እስማማለሁ፤ አይሠራ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን የጻፉት እነማን እንደሆኑ ይታይ። በዘርፉ ውስጥ ያሉ፣ አንዳንዶቹም ወደዚያው አቅጣጫ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አደገኛውን ከማያሰጋው የሚለየው የሚያውቀው ሰው ነው። እኛ የሚያውቁ ልጆቻችንን አስቀምጠን በፍርሃት ብቻ እንጠበቃለን ማለት ዘብ የሌለው በር ዘግቶ መተኛት ነው። ሕግም ቢሆን አለን፤ የ2009 (በእኛ 2001 ዓ.ም.) የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በአፍሪካ ካሉት ጠበቅ ካሉት ሕጎች አንዱ ነበር፤ ኋላ ተሻሽሎ፣ ተባይ እንዲቋቋም ዘረ መሉ የተቀየረው ቢቲ ጥጥ በ2018 የተፈቀደው በዚያው ሥርዓት ውስጥ ነው።

ወደ «ቅንጦት» ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ሌንስኪ በየካቲት 1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከአንድ ኢ-ኮላይ የተቀዱ አሥራ ሁለት ብልቃጦች ደረደሩ። በየብልቃጡ አሥር ሚሊ ሊትር ፈሳሽና በጣም ጥቂት ስኳር። በየቀኑ ከእያንዳንዱ አንድ መቶኛውን ወደ አዲስ ብልቃጥ ማዛወር፣ በ37 ዲግሪ ማሳደር፣ በየ500 ትውልዱ ናሙና ማቀዝቀዝ፤ ሥራው ይኸው ነው። እናቶቻችን ከአንዱ ሊጥ እርሾ አስቀርተው ለቀጣዩ ሲያሸጋግሩ የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ መዝገብና ፍሪዘር ነው። ሙከራው በ2022 ወደ ቴክሳስ ተዛውሮ ቀጥሏል፤ ከ75,000 ትውልድ አልፏል። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ከ31,000 ትውልድ በኋላ፣ ኢ-ኮላይ ኦክስጅን ባለበት ሊበላው የማይችለውን ሲትሬት የተባለ ንጥረ ነገር መብላት ጀመረ። አዲስ ችሎታ ከዓይን ፊት ተወለደ። ለዚህ የተከፈለው ብልቃጥ፣ ስኳር፣ ማሞቂያ፣ ፍሪዘር፣ ከሁሉም በላይ በየቀኑ የሚመጣ ሰው ነው። ቅንጦቱ የቱ ጋ ነው?

መብራት ይጠፋል ይባላል። እውነት ነው፤ ይጠፋል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የሌንስኪም ሙከራ ለወራት ቆሟል፤ ባክቴሪያዎቹ ቀዝቅዘው ቆይተው እንደገና ተነሡ። አንድ ፍሪዘር ከጄኔሬተር ጋር ማያያዝ የሚያቅተው ተቋም ካለ ችግሩ የገንዘብ አይደለም።

ርካሹ መንገድ ኋላ ቀር መንገድ ነው የሚልም ሊኖር ይችላል። ተሳስቷል። በ2018 ፍራንሲስ አርኖልድ የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት ኢንዛይሞችን እየለወጡ፣ የተሻለውን እየመረጡ፣ ደግመው በመለወጣቸው ነው። በ2019 የሮን ሚሎ ቡድን ስኳር የለመደውን ኢ-ኮላይ አካሉን የሚገነባበትን ካርቦን ሁሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያገኝ አደረገ። አስፈላጊዎቹ ዘረ መሎች ቢገቡለትም ብቻቸውን አልበቁም፤ ሥራውን የጨረሰው ባክቴሪያውን ስኳር እያሳጡ ለወራት መምረጥ ነው። ንድፍ የጀመረውን ምርጫ ይፈጽመዋል። ዘርፉ ዛሬ የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ክፍል ደግሞ በእኛ አቅም የሚሠራ ነው።

ጅማም ይህን አታውቀውም ማለት አይቻልም። ሲቢዲ ሲገባ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? በሽታው ወደበረታባቸው የምዕራብ ደኖች ሄዱ፣ ሌላው ሲደርቅ ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ለዩ፣ ዘራቸውን አምጥተው ችግኞቹን በፈንገሱ ፈተኑ፣ የተረፉትን አባዙ። 74110 እና 74112 የሚባሉት፣ ከመቱ አካባቢ በ1974 የተመረጡት ዝርያዎች፣ ዛሬም በገበሬው ማሳ ላይ ናቸው፤ የቡና ነጋዴ ሁሉ በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። ያ ምርጫ ቅንጦት ነው ተብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሟገትበት ቡና ባነሰ ነበር። በዛፍ ላይ ዓመታት የሚፈጀው በባክቴሪያ ላይ በሳምንታት ይሠራል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚቆጨኝን ልናገር። በ2013 በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያለ ካፌይን መኖር የማይችል ኢ-ኮላይ መሥራታቸውን አሳተሙ። ሥራው የተጀመረው በተማሪዎች የሥነ ሕይወት ምሕንድስና ውድድር ላይ ነው። አሠራሩ ድንቅ ነው። ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱ የሆነውን ጓኒንን ባክቴሪያው ራሱ እንዳይሠራ አገዱት። ከዚያም ሱዶሞናስ ፑቲዳ ከተባለ ሌላ ባክቴሪያ ካፌይንን የሚያፈርሱ ዘረ መሎች ሰጡት። ካፌይን ሲያገኝ ሜቲል የሚባሉትን ሦስት ቁራጮቹን ገፎ ዛንቲን ወደተባለ ውህድ፣ ከዚያም ወደ ጓኒን ይለውጠዋል፤ ካላገኘ አያድግም። ዕድገቱ በካፌይኑ መጠን ልክ ስለሆነ መጠጥ ውስጥ ያለውን ካፌይን ለክተውበታል። ከቡድኑ መሪዎች አንዱ ጄፍሪ ባሪክ ናቸው፤ የሌንስኪን ሙከራ ተረክበው እያስቀጠሉ ያሉት እኚሁ ሰው ናቸው።

ዘረ መሎቹን የሰጠው ሱዶሞናስ የተገኘው የት ነው? አዮዋ ውስጥ፣ ከአፈር። የበቆሎ አገር ነው፤ ቡና አይበቅልበትም። እዚያ አፈር ውስጥ ካፌይን የሚበላ ባክቴሪያ ከተገኘ፣ በበለጠ-ጌራ ደን ውስጥ፣ ከሰው ትውልድ በፊት ጀምሮ ቅጠልና ፍሬ ሲረግፍበት በኖረ አፈር ውስጥ ምን አለ? በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳ የቡና ዛፎች ሥር ምን አለ? የተሻለ እንዳለ አልጠራጠርም። ያ አፈር ራሱ የሌንስኪን ብልቃጥ ሥራ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲሠራ ነው የኖረው። የቀረው ሄዶ ማምጣት፣ ማሳደግ፣ መመዝገብ ነው።

የሚያገለግለው ለምን ነው ለሚሉ፣ በእሸት ለቀማ ጊዜ ከማጠቢያ ጣቢያዎች በታች ያለውን ወንዝ ሄደው ያሽትቱ። ስኳር፣ ታኒንና ካፌይን የበዛበት ፍሳሽ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያሟጥጠዋል፤ ውኃውን የሚጠጣው የታችኛው መንደር ሰውና ከብቱ ነው። ልጣጩም ተቆልሎ ይሸታል። ለከብት መኖ እንዳይሆን ካገዱት ነገሮች መካከል ካፌይኑና ታኒኑ ይገኙበታል። ሁለቱን የሚበላ፣ በእኛ ወንዝ ሙቀት የሚሠራ ባክቴሪያ ማለት ንጹሕ ወንዝና ርካሽ መኖ ማለት ነው። ወጣቶቹ የጠየቁት ይህንን ነበር። ከዚህ የበለጠ የዳቦ ጥያቄ ጅማ ውስጥ አላውቅም።

ካልሠራነው ሌላ ይሠራዋል፤ ይህ ደግሞ የደረሰብን ነገር ነው። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዘር በተገኙ ዛፎች ላይ በተፈጥሮ ካፌይን አልባ የሆነ ቡና ማግኘታቸውን ለዓለም አወጁ። ጤፍም ኔዘርላንድስ ውስጥ በፓተንት ተይዞ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ዓመታት ፈጅቷል። ያኔ ቢያንስ ዘር በከረጢት መውጣት ነበረበት። ዛሬ ግን የባክቴሪያው ዲኤንኤ ተነቦ በኢንተርኔት ከተላከ፣ ተቀባዩ ዘረ መሉን ራሱ አትሞ ይሠራበታል። ለዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም በየካቲት 2025 የተከፈተው የካሊ ፈንድ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው የሚከፍሉበት ነው። በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ክፍያ ጠብቆ የሚበለጽግ አገር አላየሁም። የራሱን ባክቴሪያ አስቀድሞ የመዘገበ፣ የራሱን ውጤት ያሳተመ፣ እርሱ ይደራደራል።

«የተቀየረ ባክቴሪያ አንፈልግም» የሚሉ ሰዎችም ከተማችን መድኃኒት ቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው የሰው ኢንሱሊን ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በ1978 በኢ-ኮላይ ውስጥ ተሠራ፣ በ1982 ለሽያጭ ተፈቀደ፤ ዛሬም የሚመረተው በተቀየረ ባክቴሪያ ወይም በተቀየረ እርሾ ነው። የስኳር ሕመምተኞቻችን በየቀኑ ይወጉታል። ሲገዙት ቅንጦት ያልሆነ ነገር ሲማሩት ቅንጦት የሚሆንበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

የጠየቁት ገንዘብ አንድ መድረክ ለምሳና ለአበል ከሚያወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም። ዕቅዱ ይመለስ። ፍሪዘሩ ይገዛ፣ ከጄኔሬተር ጋር ይያያዝ። ከጌራ፣ ከጎማና ከሊሙ የአፈር ናሙና ይሰብሰብ፤ ከማጠቢያ ጣቢያዎቹ ፍሳሽም እንዲሁ። እሸት ለቀማው ከመስከረም በኋላ ይጀምራል፤ ፍሳሹ የሚገኘው በእነዚያ ወራት ብቻ ነው። በጀቱ ከዚያ በፊት ካልተለቀቀ የዘንድሮው ናሙና አመለጠ፤ ወጣቶቹም አንድ ዓመት ሙሉ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ ማለት ነው።