መቅደላ በለንደን፣ መቅደላ በአገር ቤት

ለንደን የሚኖር ሐበሻ ስለ መቅደላ ሁለት ታሪክ ይሰማል። አንዱን ከአገር ቤት ይዞት መጥቷል፦ አጼ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጥ ጠጡ። ሌላውን እዚህ ያገኘዋል፦ ጄኔራል ናፒየር የታሰሩ አውሮፓውያንን ሊያስፈታ 13 ሺህ ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ዘመተ፣ አስፈትቶም ተመለሰ። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ከሁለቱም የሚጎድለው ነው።

እዚህ ሰዎቹ ቶሎ የሚያልፉት ከድሉ በኋላ የሆነውን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተያዘ። ወታደሩ ግምጃ ቤቱንም መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንንም ዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ዋነኛው ገዢ ከጦሩ ጋር የዘመተ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ነበር። ዛሬ ሙዚየሙ 11 ታቦታት በተቆለፈ ክፍል ይዟል። የራሱ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ማንም የማያየው ታቦት እዚያ መቀመጡ ለማን ይጠቅማል? ለመመለስ ሕጉ አይፈቅድም ይላሉ። ኤዲንብራ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ያገኘውን ታቦት በፈረንጆቹ 2002 መልሷል።

የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁስ? ወደ እንግሊዝ ሲወስዱት የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ አረፉ። እሱም በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ። በተቀበረበት ዊንዘር ያለው የመታሰቢያ ጽሑፍ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለውን የወንጌል ቃል ይዟል። እኛ ደግሞ ምርኮኛ እንለዋለን። እኔ በዚህ ከአገሬ ሰው ጋር ነኝ። አባቱ የተሸነፈበት፣ እናቱ የሞተችበት ሕፃን ፈልጎ የመጣ እንግዳ አይደለም። አጽሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በፈረንጆቹ 2023 የሰጠው መልስ ሌሎች መቃብሮችን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። መቅደላ ላይ የተዘረፈው ያ ሁሉ የብራና መጽሐፍ ከየት መጣ? ብዙው ከጎንደር ነው። በ1859 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸው ጎንደር ገብተው አድባራቱን ዘረፉ፣ ከተማዋንም አቃጠሉ። መጻሕፍቱን የወሰዱት ለመቅደላ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ ብዙ እስረኛ ወደ ገደል አስወረወሩ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ያነበብኩት እዚህ አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የመጻሕፍቱ ባለቤቶች ልጆች ሆነን ታሪካቸውን በሰው አገር መማራችን ያሳዝነኛል።

ሌላም አለ። ናፒየርን በትግራይ በኩል ያሳለፉት፣ ስንቅ እንዲያገኝም የረዱት ደጃዝማች ካሳ ናቸው። ጦሩ ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። እኚሁ ሰው አጼ ዮሐንስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1872፣ ክብረ ነገሥትና ኩርዓተ ርእሱ የተባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ይመለሱልን ብለው ጻፉ። መጽሐፉ ተመለሰ። ሥዕሉን ግን ያ የሙዚየም ባልደረባ ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ጠላትን ያሳለፈውም፣ ቅርስ መልሱ ብሎ መጀመሪያ የጠየቀውም አንድ ሰው! ከሃዲ ወይም ጀግና ብሎ ብቻ ለሚፈርጅ ሰው ይህ ይከብደዋል።

ቡና ላይ ይህን ሳነሳ ታላላቆቼ ይቆጡኛል። «አንቺ ልጅ፣ ለእንግሊዝ መከራከሪያ አታቀብዪ» ይሉኛል። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን የጎንደር ዘረፋ የደላንታውን ጨረታ ሕጋዊ አያደርገውም። እንዲያውም ጥያቄያችንን ያጠነክረዋል፤ ንብረቱ የአንድ የተሸነፈ ንጉሥ ሳይሆን የአድባራቱና የምእመኑ መሆኑን ያሳያል። ቀድመን እኛ ካልተናገርነው ደግሞ አንድ ቀን በድርድር ጠረጴዛ ላይ እነሱ ያነሱታል።

ይመለሱ በሚለው ሁላችንም አንድ ነን። የት ይግቡ ሲባል ነው የምንከራከረው። አብዛኞቹ ወዳጆቼ አዲስ አበባ ሙዚየም ይሻላል ይላሉ፣ ለጥበቃውም ለተመራማሪውም ብለው። እኔ አልስማማም። የጎንደር ደብር መሆኑ የታወቀ መጽሐፍ ጎንደር መግባት አለበት። ማስቀመጫው ካልተመቸ ገንዘብ አዋጥተን እናሠራ፤ ይህ ከዲያስፖራው አቅም በላይ አይደለም።